የዐርዋ መዝገብ

ኡመር በሩን ሦስት ጊዜ አንኳኳ። ውስጥ የልብስ ስፌት መኪናው ድምፅ ቀጥ አለ፤ በሩ ግን አልተከፈተም።

እንዲህ ሆኖ አያውቅም ነበር። ስምንት ወር ሙሉ፣ ሐሙስ ሐሙስ፣ ገና የቀርከሃውን አጥር ሲያልፍ የሰባት ዓመቷ ኢንዓም ሮጣ ትቀበለውና እጁን ይዛ ታስገባዋለች። ኡመር አሶሳ ውስጥ የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛ ነው። ችግር የወደቀባቸውን ቤተሰቦች እየዞረ ይጎበኛል፤ ማን ታመመ፣ ማን ከትምህርት ቀረ፣ የማን ቤት ያፈሳል የሚለውን በየመዝገቡ ያሰፍራል፤ ድጋፍ የሚያገኙበትንም መንገድ ይፈልጋል። የዐርዋ ቤት ከነዚህ አንዱ ነበር። እኅቷ በወሊድ ሞተች። የእኅቷ ባል ሐምዳን ወርቅ ፍለጋ ሱዳን ተሻገረና እዚያ ጦርነት ከተነሣ ወዲህ ድምፁ ጠፋ። ሁለቱን ሴቶች ልጆች፣ ነዕማንና ኢንዓምን፣ ዐርዋ በሃያ ስድስት ዓመቷ ተረከበች። የተማሪ ዩኒፎርም እየሰፋች ታሳድጋቸዋለች።

ያ ሁሉ ጉብኝት የሥራ ብቻ አልነበረም። አንድ ቀን የጃኬቱ ቁልፍ ተንጠልጥሎ አየችና ተቀብላ ሰፋችለት። ክሩን በጥርሷ በጥሳ ቀና ስትል ዐይኖቻቸው ተጋጩ። ከዚያን ቀን ወዲህ ሁለቱም ስለ ልጆቹ ሲያወሩ ልጆቹን ብቻ ማየት ልማዳቸው ሆነ።

«ዐርዋ፣ እኔ ነኝ።»

«አውቃለሁ።»

በሩ የመዳፍ ያህል ተከፈተ። ፊቷ ከስቷል፤ ሻርፗን እስከ ቅንድቧ ስባዋለች።

«ነዕማ ሦስት ሳምንት ትምህርት ቤት አልታየችም አሉኝ።»

«ዘመድ ጋ ናት ብዬሃለሁ።»

«የት?»

«ቶንጎ።»

ኡመር ቀስ ብሎ፣ «ባለፈው ሆሞሻ ነው ያልሽኝ፤» አላት።

ዐርዋ ፊቱን አላየችም። ያየችው በብብቱ የያዘውን ደብተር ነው። «ይህንንም ጻፈው፤» አለችና በሩን ዘጋችው።

ከአጥሩ ወዲያ ጎረቤቷ እናት ዓፊያ ቅጠል ይጠርጉ ነበር። መጥረጊያቸውን ይዘው ቀረብ አሉት።

«ያ ልጅ ነዕማ የለም፤» አሉ በተሰባበረ አማርኛቸው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ሰው ተዳረ ይላል። እኔ አላየሁም። ወላሂ፣ ምንም አላየሁም።»

ኡመር ከቢሮ ደርሶ ወንበሩ ላይ ብዙ ተቀመጠ። ከዚያ ሥራው የሚያዘውን አደረገ። «አሳዳጊዋ የልጅቱን መገኛ በሚመለከት አንድ ጊዜ ሆሞሻ፣ አንድ ጊዜ ቶንጎ በማለት የተምታታ መልስ ሰጥታለች» ብሎ ጻፈ። እጁ የሌላ ሰው እጅ መሰለው። የዐሥራ አራት ዓመት ልጅ ለባል የምትሰጥ ሴት እንዴት እንዲያ ያለ ዐይን ይኖራታል? ወይስ እስከ ዛሬ ያየው ዐይኗን ሳይሆን የራሱን ምኞት ነበር?

*

ሰኞ ጠዋት ወይዘሮ ወለተሥላሴ አስጠሩት። የጉዳይ ክትትል ቡድኑ ኃላፊ ናቸው፤ ከደብረ ብርሃን ተመድበው አሶሳ ከመጡ ዐሥራ ሁለት ዓመታቸው ነው። የማይመች ነገር ሲናገሩ መነጽራቸውን ያወልቃሉ። ዛሬ ኡመር ከመግባቱ በፊት አውልቀውታል።

«የሐምዳን ታላቅ ወንድም፣ ሐጅ ዓብዱልላጢፍ፣ ማመልከቻ አስገብተዋል። አሳዳጊዋ ልጅቱን ስለ ሰወረቻት ሁለቱም ልጆች ለእኔ ይሰጡኝ ነው የሚሉት። አንብበው።»

ኡመር አነበበ። ሐጅን ያውቃቸዋል፤ በከተማው የተከበሩ የጨርቅ ነጋዴ ናቸው። ሦስተኛው መስመር ላይ ሲደርስ ቆመ። ተመልሶ አነበበው።

«... አንድ ጊዜ ሆሞሻ፣ አንድ ጊዜ ቶንጎ በማለት የተምታታ መልስ ሰጥታለች ...»

«ይህ የእኔ ዐረፍተ ነገር ነው፤» አለ።

«ምን ማለትህ ነው?»

«ሐሙስ ከሰዓት በኋላ እዚህ ቢሮ የጻፍኩት ነው። ቃል በቃል። ከመዝገቡ በቀር የትም የለም።»

ወይዘሮ ወለተሥላሴ መነጽራቸውን መልሰው አደረጉ። የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ የሐጅ አማች መሆኑን ሁለቱም ያውቃሉ፤ ማንኛቸውም ግን አፍ አውጥተው አልተናገሩም።

ኡመር አንድ ሌላ ቀን ትዝ አለው። ሐጅ ዓብዱልላጢፍ ሃምሳውን ያለፈ የንግድ ሸሪካቸውን ይዘው ዐርዋ ቤት ተገኝተው ነበር። ነዕማ ውኃ ይዛ ስትገባ ሰውዬው ከእግር እስከ ራሷ አያት። ዐርዋ ማንቆርቆሪያውን ከእጇ ነጥቃ ልጅቱን ወደ ጓዳ ገፋቻት። እሱ ያን ዕለት በመዝገቡ ላይ ያሰፈረው፣ «የአባት ወገን ዘመዶች ለልጆቹ ትኩረት ይሰጣሉ» የሚል ነበር። ያኔ ያላየው አሁን ታየው። ዐርዋ ልጅቱን አልዳረቻትም፤ እንዳትዳር ደብቃታለች። ለእሱ ያልነገረችውም የነገረችው ሁሉ ሐጅ ጆሮ ስለሚደርስ ነው።

ያየውንም የጠረጠረውንም ለኃላፊው ነገራቸው። ሰምተው ሲያበቁ፣ «አንድ ሌላ ጥያቄ አለኝ፤» አሉት። «ይህን ቤት በወር ሁለት ጊዜ ነበር መጎብኘት ያለብህ። በስምንት ወር ሠላሳ አራት ጊዜ ሄደሃል።»

ኡመር አንገቱን ደፋ።

«ልጠርጥርህ ወይስ ትነግረኛለህ?»

«እወዳታለሁ። ለእሷ ተናግሬ አላውቅም፤ እጇንም ነክቼ አላውቅም። ግን ስለ እሷ የምጽፈውን ከእንግዲህ ራሴም አላምነውም። ከመዝገቡ ላይ አንሡኝ።»

ሴትዮዋ መዝገቡን ወደ ራሳቸው ሳቡት። «ጉዳዩን ቀነኒ ትይዘዋለች። ረቡዕ ስብሰባ እጠራለሁ። እስከዚያ ስለ መዝገብ ቤቱ ለማንም እንዳትተነፍስ። ለእሷም ጭምር። አንድ ቃል ከወጣ ወረቀቱ ይጠፋል።»

«እሷ እኮ የከዳኋት ይመስላታል።»

«ይምሰላት። ልጅቱ ትቅደም።»

ኡመር ወጣ። እውነቱን በያዘ ማግሥት እንደ ውሸታም መታየት እንዴት እንደሚያቃጥል ያን ቀን ዐወቀ።

*

ማክሰኞ የዐርዋን በር ያንኳኳችው ሌላ ሰው ነበረች። ቀነኒ የባምባሲ ልጅ ናት፤ ለስለስ ያለ አነጋገር አላት። ከዛሬ ጀምሮ ጉዳዩን የያዘችው እሷ መሆኗን፣ ለነገም ስብሰባ መጠራቱን ነገረቻት።

«እሱስ?» አለች ዐርዋ።

«መዝገቡን አስረክቧል።»

«ለምን?»

«ራሱ ነው የጠየቀው።»

ዐርዋ ከዚህ ወዲህ የምትጠይቀው ምን ቀራት? ሆሞሻ ያለችው ለእሱ ብቻ ነበር። በሳምንቱ የሐጅ ሰዎች ሆሞሻ የአክስቷን ቤት ፈተሹ። እሱን ማመንም ፈራች፤ መጠርጠርም ፈራች። ስለዚህ ሐሙስ ዕለት ሆን ብላ ቶንጎ አለችው። ዛሬ ጠዋት ቶንጎ ያለች የትምህርት ቤት ጓደኛዋ ደውላ፣ «እሑድ ሰዎች መጥተው ነዕማን ሲጠይቁ ነበር፤ ምን ተፈጠረ?» አለቻት። ስልኩን ዘግታ የስፌት መኪናው ላይ ግንባሯን አስደገፈች። ነዕማ በሁለቱም ቦታ አልነበረችም። ዐርዋ የፈተነችው ሰው ግን ፈተናውን ወደቀ።

ከሰዓት በኋላ እናት ዓፊያ በአጥሩ በኩል ፖስታ አቀበሏት።

«ያ ልጅ ኡመር ነው የሰጠኝ። ቤትሽ አልገባም አለ። ዐይኑ ቀላ።»

«ይቅላ።»

«አንቺ ልጅ፣ ሰው በዐይኑ አይዋሽም።»

«እሱ በእጁ ነው የሚዋሸው፤» አለች ዐርዋ። ፖስታውን ሳትከፍት ከክሮቹ በታች መሳቢያ ውስጥ ጣለችው። የቢሮ ወረቀት ይሆናል፤ ፈርሚ፣ ተቀበዪ የሚል። ቀኑን ሙሉ ስትሰፋ ዋለች። ኢንዓም መጥታ፣ «ኡመር ለምን አይመጣም?» ብትላት፣ «ሥራው አልቆ ነው፤» አለቻት። ይህን ስትናገር የቆረጠችው እጅጌ ሁለቱም የግራ መሆኑን ያወቀችው በኋላ ነው።

*

ረቡዕ ዕለት በስብሰባው ክፍል ውስጥ ሐጅ ዓብዱልላጢፍ በነጭ ጀለቢያ፣ አማቻቸው ቃለ ጉባኤ ሊይዝ፣ ቀነኒ ከመዝገቡ ጋር፣ ወይዘሮ ወለተሥላሴም ከጠረጴዛው ራስ ተቀምጠዋል። ዐርዋ ከበሩ አጠገብ ባለው ወንበር ላይ ቁጭ አለች። ኡመር ጥግ ላይ እንዳለ አይታለች፤ ሁለተኛ አላየችውም።

ሐጅ ጀመሩ። «እኔ ጠብ አልፈልግም። ልጆቹ የወንድሜ ደም ናቸው። ይህች ልጅ ትልቂቱን የት እንዳደረሰቻት አይታወቅም። ዛሬ ሆሞሻ፣ ነገ ቶንጎ ትላለች።»

«ይህን ለእርስዎ ማን ነገርዎት?» አሉ ወይዘሮ ወለተሥላሴ።

«ራሷ ናት የተናገረችው።»

«ለማን?»

ሐጅ ትንሽ አመነቱ። «ለመንግሥት።»

ኡመር ተነሣ። «እንድናገር ይፈቀድልኝ።»

ዐርዋ ጣቶቿን ቆላለፈች። አሁን ደግሞ ምን ሊጨምር ነው ብላ ጠበቀች።

«እኔ ለዚህች ሴት ምስክር መሆን አልችልም፤» አለ ኡመር። «እወዳታለሁ። መዝገቡንም ያስረከብኩት ስለዚህ ነው። ስለዚህ ስለ እሷ የምለውን አትቁጠሩልኝ። የምመሰክረው ስለ ራሴ ጽሑፍ ነው። ሐጅ ማመልከቻቸው ላይ ያሰፈሩት ዐረፍተ ነገር ሐሙስ ዕለት የጻፍኩት ነው። ከመዝገቡ በቀር የትም አልጻፍኩትም። የወጣው በመዝገብ ቤቱ በኩል ነው። ትናንት ከጎረቤቷ እንደ ሰማሁት፣ ሆሞሻ ብዬ ስጽፍ ሆሞሻ ተፈተሸ። ቶንጎ ብዬ ስጽፍ ቶንጎ ተፈተሸ። ልጅቱን ለሸሪካቸው ሊድሩ ሲፈልጉ፣ ሳላውቅ መንገድ ሳሳያቸው የነበርኩት እኔ ነኝ።»

አማቹ እስክሪብቶውን አስቀመጠ።

«የሰፋሪ ልጅ፤» አሉ ሐጅ፣ ረጋ ብለው። «አባትህ ከወሎ በመኪና ተጭኖ የመጣ። አንተ ነህ የእኛን ቤት የምታስተዳድረው? ለሴት ብለህ?»

«አዎ፣ ሰፋሪ ነን። እኔ ግን ባምባሲ ነው የተወለድኩት። ነዕማም የተወለደችው እዚሁ ነው፤ ዐሥራ አራት ዓመቷ ነው።»

ወይዘሮ ወለተሥላሴ ሁለት ወረቀት ጎን ለጎን አኖሩ፤ የመዝገቡን ገጽና ማመልከቻውን። መስመሩን በጣታቸው እየተከተሉ ጮክ ብለው አነበቡ። ሲጨርሱ አማቹን የመዝገብ ቤቱን ቁልፍ ተቀበሉት። «ማመልከቻው ውድቅ ነው። የቀረውን ፖሊስ ይጠይቃችኋል። ሁለታችሁም ውጡልኝ፤» አሉ።

ሐጅ ሲወጡ ዐርዋ አጠገብ ቆም አሉ። በቤርታኛ አንድ ነገር አሏት። ቀና ብላ አየቻቸው።

«አሁን፣» አሉ ወይዘሮ ወለተሥላሴ፣ «ነዕማ የት ናት? ካላወቅን ልንጠብቃት አንችልም።»

«ለእሱ ልንገረው፤» አለች ዐርዋ።

«እሱ ጉዳዩን አልያዘም።»

«ለዚያ ነው።»

በረንዳው ላይ ወጡ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል፤ ማንጎዎቹ ከሥራቸው ጎርፍ ይዘዋል። ለመጀመሪያ ጊዜ ልጆች በመካከላቸው ሳይኖሩ ቆሙ።

«አንተ የነገርካቸው መስሎኝ ነበር፤» አለች።

«ፈርጄብሽ ነበር እኔም።»

«ምን ብለህ?»

«የዳርሻት መስሎኝ ነበር። አራት ቀን ሙሉ እንዲያ አስቤያለሁ።»

ፊቷ ተለወጠ። በጥፊ የመታት ያህል አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለች። «እኔን? እኔ ነዕማን?»

«አዎ። ከሌላ ሰው ከምትሰሚው ከእኔ ስሚው ብዬ ነው።»

ዐርዋ ወደ ዝናቡ ዞረች። ትከሻዋ ሲርገበገብ አየ፤ ሊነካት እጁን ዘርግቶ መልሶ ሰበሰበው። ሳትዞርም እንዲህ አለች፦ «ያለችበትን ልንገርህ። ያለችው ...»

«አትንገሪኝ።»

ዞረች። ዐይኗ እንባ እንዳቀረረ ነው።

«ሦስት ሳምንት ስትጠይቀኝ ነበር እኮ።»

«ያን ጊዜ ካልሰማሁ አላምንም ነበር። አሁን ሳልሰማም አምንሻለሁ። መንገር ያለብሽ ለቀነኒ ነው፤ ልትጠብቃት የምትችለው እሷ ናት። እኔ ለማወቅ መብት የለኝም፤ ለማመን ግን አለኝ።»

ዐርዋ አየችው። ሐሙስ ሐሙስ ስትሸሸው የኖረችውን ፊት እስክትጠግብ አየችው። ከዚያ ተመልሳ ገባችና ለቀነኒ በጆሮዋ ነገረቻት። ኡመር በረንዳው ላይ ቀረ። ምን እንደ ተባባሉ አልሰማም፤ አለመስማቱ እንዲህ እንደሚያሳርፈው ግን አስቦ አያውቅም ነበር።

*

ያን ቀን ከስብሰባው መልስ ዐርዋ መሳቢያውን ከፈተች። የፖስታው ጫፍ ላይ ሰማያዊ ክር ተጣብቆበታል። በቀስታ ቀደደችው። የቢሮ ማኅተም የለበትም።

«ዐርዋ፣ መዝገቡን ያስረከብኩት ልሸሽሽ አይደለም። ለምን እንደ ሆነ ዛሬ መናገር አልችልም፤ ነገ ትሰሚያለሽ። ይህን ስታነቢ ተናደሽብኝ ይሆናል፤ ልክ ነሽ። እኔ ግን አንድ ነገር ልጠይቅሽ ከፈለግኩ ቆይቻለሁ። ጉዳይሽ በእጄ እያለ ብጠይቅሽ ጥያቄ ሳይሆን ትእዛዝ ይመስላል፤ እንቢ ብትይ ልጆቹ የሚጎዱ ይመስልሻል። አሁን በእጄ ምንም የለም። ስለዚህ ልጠይቅሽ። ታገቢኛለሽ? እንቢ ብትይ ማንም አያውቅም፤ ቀነኒም ስለዚህ ደብዳቤ አታውቅም። እሺ ብትይ ሽማግሌ የምልከው ሐጅ ጋ ሳይሆን አንቺ ከመረጥሽው ሰው ጋ ነው። አትቸኩዪ። ኡመር።»

ደግማ አነበበችው። «በእጁ ነው የሚዋሸው» ያለችውን አስታውሳ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። ከአጥሩ ማዶ እናት ዓፊያ፣ «ዐርዋ፣ ታመምሽ?» ብለው ተጣሩ። «አልታመምኩም፤» አለች። ድምፅዋ ግን የታመመ ሰው ድምፅ ነበር።

*

ከአንድ ወር በኋላ ሐጅ ወደ ልጆቹ እንዳይደርሱ ፈርመው ግዴታ ገቡ፤ አማቻቸውም ከሥራው ታግዶ ፖሊስ እየመረመረው ነው። ቀነኒ ነዕማ መመለስ እንደምትችል አረጋገጠች። ዐርዋ ኢንዓምን ለእናት ዓፊያ አደራ ሰጥታ ወደ ሸርቆሌ ተነሣች። መነኸሪያው ላይ ኡመርን አገኘችው።

«እንድትመጣ አልጠራሁህም፤» አለችው።

«ልመለስ?»

«አልልህም።»

ነዕማ እዚያ የእናቷ የልብ ጓደኛ የነበረች መምህርት ቤት ነበር የተሸሸገችው። ቁመት ጨምራለች። ዐርዋን ስታይ ጥምጥም ብላባት ቆየች። ኡመርን ስታይ ግን ፊቷ ጠቆረ። መልስ ጉዞ ላይ ሚኒባሱ ውስጥ በመካከላቸው ተቀመጠች፤ ሆን ብላ።

«ይህ ሰው ምን ሊያደርግ መጣ?» አለች ግማሽ መንገድ ላይ፣ እሱ እንዲሰማ በአማርኛ።

ዐርዋ በመስኮቱ ወደ ውጭ አየች። «ሊያገባኝ ይፈልጋል።»

ነዕማ ወደ ኡመር ዞረች። የሁለት ወር ሽሽት ያስተማራት አስተያየት ነበር፤ የሚሸፋፈን ነገር የማያልፈው። «ማንን ጠየቅክ? አጎቴን?»

«እሷን፤» አለ ኡመር።

«እሷን ብቻ?»

«እሷን ብቻ።»

ነዕማ የጠበቀችው መልስ ይህ አልነበረም። ወደ አክስቷ ዞራ፣ «አንቺስ ምን አልሽው?» አለቻት።

ሚኒባሱ ድንጋይ ላይ ዘለለ። ተሳፋሪው ሁሉ ተንገጫገጨ፤ ዐርዋ የወንበሩን ብረት ያዘች። ዐይኗን ከመስኮቱ አላነሣችም፤ ጆሮዋ ድረስ ግን ቀላች።

«እሺ ብያለሁ፤» አለች። «ለእሱ ግን ገና አልነገርኩትም።»

ነዕማ ከት ብላ ሳቀች፤ ከቤት ከወጣች ጀምሮ ስትስቅ የመጀመሪያዋ ነበር። ኡመር አልሳቀም። እንባው ሲመጣ ሊደብቀው ሞከረና ተወው፤ በእናቱ ቤት እንኳ እንዲህ ሳይጠነቀቅ የተቀመጠበትን ቀን አያስታውስም ነበር።